ዋርካውና የባላምባራሱ ጽጌረዳ

ተረት ልጀምር ነው። ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ እንቅልፍ የመጣበት ይራቅ። የንዴት ተረት ነውና በመሃል ብቆጣ እንዳትደነግጡ። ቁጣዬ በእናንተ አይደለም።

ንጉሥ በበቅሎ በሚሄድበት፣ ዳኛ በዛፍ ጥላ በሚያስችልበት በዚያ በድሮው ዘመን፣ ጎሽ ሜዳ በምትባል አገር አንድ ዋርካ ነበር። ማን እንደተከለው የሚያውቅ የለም። የአያቶቻቸው አያቶች ሲመጡ እዚያው ቆሞ አገኙት ይባላል። ጥላው ሁለት መቶ ሰው ከነከብቱ ያስጠልላል። የጎሽ ሜዳ ሰው ሲጣላ የሚታረቀው ከዋርካው ስር ነው። ሲካሰስ የሚሟገተው ከዋርካው ስር ነው። ከገበያ ሲመለስ ሸክሙን የሚያወርደው፣ አስከሬን ተሸክሞ ሲሄድ የሚያሳርፈው ከዋርካው ስር ነው። ዋርካው ለዚህ ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ምስጋና ጠይቆ አያውቅም።

በዚያች አገር አንጓች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። አንጓች የተወለደችው ከዋርካው ስር ነው። እናቷን ከገበያ ስትመለስ መንገድ ላይ ምጥ ያዛት። ሴቶቹ ከዋርካው ስር አስተኟትና ነጠላቸውን ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ አስረው ጋረዱላት። ልጅቱ ተወለደች፤ እናቲቱ ግን ከዚያ አልተነሳችም። አባቷ ቀድሞ ሞቶ ስለነበር አገሩ ተቀባብሎ አሳደጋት። የዛሬ አሳዳጊዋ እርሻ ስትወርድ ከዋርካው ስር ታስቀምጣታለች፣ የነገዋም እንደዚያው። አንጓች እዚያ ተቀምጣ ሙግት ስትሰማ አደገች። ሕጉን ከነገረ ፈጅ ይልቅ አወቀችው። ዘመድሽ ማነው ሲሏት ጣቷን ወደ ዋርካው ትቀስራለች። ሰው ይስቃል። እሷ አትስቅም።

የጎሽ ሜዳ ገዥም ዳኛም ባላምባራስ ጓንጉል የሚባል ሰው ነበር። ባለማዕረግ ነውና አንቱ በለው አትበሉኝ። አንቱታውን እንዴት እንዳጣው ትሰማላችሁ።

ጓንጉል ከንጉሡ ዘንድ አንድ ዓመት ሙሉ ደጅ ጠና። ንጉሡም ለአንዱ መሬት፣ ለአንዱ ሰይፍ ሲሰጥ ለእሱ አንዲት የጽጌረዳ ችግኝ ሰጠው። ጓንጉል ችግኟን በሐር ጠቅልሎ፣ በሎሌ ራስ አሸክሞ፣ እምቢልታ እያስነፋ ወደ አገሩ ገባ። ትንሽ ስጦታ ከትልቅ ሰው እጅ ሲመጣ የትንሽ ሰው ራስ ያዞራል።

የት ተከላት? ከዋርካው ስር፣ ከግንዱ አጠገብ። ለሙግት የሚመጣ ሁሉ እንዲያያት ነዋ። አጥር አጠረላት። ሎሌ አቆመላት። ከዚያ ትእዛዝ ማውጣት ጀመረ።

በመጀመሪያ፣ ከዋርካው ስር የሚያልፍ ሰው ሁሉ ለንጉሡ ጽጌረዳ እጅ ይንሳ አለ። አገሩ እርስ በርሱ ተያየና ይሁን አለ። ለአበባ እጅ መንሳት ወገብ አይሰብርም።

ቀጥሎ፣ ከብት ከጥላው እንዳይገባ፣ ቅጠሏን ይበላል አለ። በሬዎች ከሞፈር ተፈትተው በቀትር ፀሐይ ሜዳ ላይ ቆመው ዋሉ። አገሩ አሁንም ይሁን አለ።

ሦስተኛ፣ ሸክም ያለበት ሰው ከጥላው እንዳያርፍ፣ አቧራ ያስነሳባታል አለ። ነፍሰ ጡር ሴት እንስራ አዝላ፣ ጥላውን እያየች፣ በፀሐይ አለፈች። አገሩ ይሁን አለ። ይሁን ይሁን ስንል ነው የምንጠፋው፣ ልጆቼ።

ጽጌረዳይቱ ግን አላበበችም። እንቡጥ ታወጣለች፤ እንቡጡ ሳይፈነዳ ይጠወልጋል። እንደገና ታወጣለች፤ እንደገና ይጠወልጋል። ምን ታድርግ? የፀሐይ ልጅ ናት፣ ከጥላ አስገብተዋታል። አንድም ሰው ጠልቷት አያውቅም፣ ውሃ ያጠጧትም የነበሩት እነዚያው እጅ የሚነሱት ድሆች ናቸው።

በሚያዝያ ወር ከወደ ከተማ መልእክተኛ መጣ። ንጉሡ ወደ ቆላ ሲወርድ ረቡዕ ጎሽ ሜዳ ያድራል፣ ድንኳን የሚተከልበት ይዘጋጅ አለ። ጓንጉል ይህን ሲሰማ ላብ አጠመቀው። ንጉሡ አበባዬ የታለች ቢለው ምን ይመልሳል? ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ ሰኞ ጠዋት ተነሳና ያላበበችው በዚህ ዛፍ ጥላ ነው፣ ዋርካው ይቆረጥ ብሎ አዘዘ።

አንጓች ይህን የሰማችው ምንጭ ወርዳ ውሃ ስትቀዳ ነው። እንስራዋን እዚያው ጥላ ሮጠች። ደረቷ ውስጥ እንደ እሳት የሚንቀለቀል ነገር ነበር። ግን አልጮኸችም። ከባላምባራሱ ፊት ደርሳ እጅ ነሳች።

«ጌታዬ፣ ጽጌረዳ ፀሐይ ትወዳለች። አሥር እርምጃ ወደ ሜዳው ወጣ ቢያደርጓት ታብባለች» አለችው።

«የንጉሥ ስጦታ ከተተከለበት አይነቀልም» አለ ጓንጉል። «የሚነቀል ካለ ዛፉ ነው። አበባ የለው፣ ሽታ የለው። ፍሬውን እንኳ ዝንጀሮ ካልሆነ ማን ይበላዋል?»

ስሙልኝ። ይህን የተናገረው ከዋርካው ጥላ ተቀምጦ ነው። አባቱም አያቱም ከዚያው ጥላ ተቀምጠው ዳኝተው፣ ከዚያው ተነስተው ነው የሞቱት። እኔ ይህን ባወራሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ምሳር የያዘው ሰው አሰጌ ይባላል። ከወንድሙ ጋር ደም ሊቃባ ደርሶ የታረቀው ከዚያ ዋርካ ስር ነው። ምሳሩን አነሳ፣ አወረደ። አነሳ፣ አወረደ። ጓንጉል ተቆጣው። ሦስተኛ ጊዜ ሲያነሳ አንጓች ከፊቱ ቆመች።

«በሕግ አምላክ» አለች።

ያኔ በሕግ አምላክ ከተባለ የሚሮጥ ይቆማል፣ የተሰነዘረ እጅ ባለበት ይቀራል። የአሰጌም ምሳር ከአየር ላይ ቀረ። አንጓች የነጠላዋን ጫፍ ከአሰጌ ጋቢ ጫፍ ጋር ቋጠረችው። ሙግት የገጠሙ ሰዎች ፍርድ እስኪሰጥ በልብስ ጫፍ የሚተሳሰሩበት ወግ ነበር፤ ቁራኛ ይሉታል። ከተቋጠረ ወዲያ ዳኛ ሳይፈታው የሚፈታው የለም። አሰጌ ምሳሩን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠና በልቡ ተመስገን አለ።

«አንቺ የዛፉ ምኑ ነሽ?» አለ ጓንጉል።

«ልጁ ነኝ። እዚህ መወለዴን አገር ያውቃል። አንደበት ለሌለው ዘመዱ ይሟገትለታል» አለች።

ሽማግሌዎቹ እውነቷን ነው አሉ። ጓንጉል ዙሪያውን ቢያይ አገሩ ተሰብስቧል። ሰው ፊት ሕግ ጣሰ መባልን ፈራ። ሙግቱን ግን የሚፈራበት ምክንያት አላገኘም። ዛፉ ፀሐይ ከለከለኝ ብላ ከሳሽ የምትባለው ጽጌረዳ የእሱ ናት። ዳኛው እሱ ራሱ ነው። ምሳሩም የእሱ ነው። ስለዚህ ሳቀና ተሟገቺ አላት። ከሳሽም ዳኛም አንድ ሰው ሲሆን አያናድድም? አንጓችን አንገበገባት። ግን ንዴቷን ዋጠችና ከልጅነቷ የሰማችውን ሕግ አንድ በአንድ ታስብ ጀመር።

«ሦስት ነገር ይጠበቅልኝ» አለች።

መጀመሪያ ሦስት ቀጠሮ ጠየቀች። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። ወጉ ነው፣ ማንም ተሟጋች ሦስት ቀጠሮ አለው። ጓንጉል በልቡ አሰላው። ረቡዕ ቀትር ላይ ይፈርዳል፣ ከቀትር በኋላ ያስቆርጣል፣ ማታ ንጉሡ ሲደርስ ሜዳው ጸድቶ ይጠብቀዋል። ይሁን አለ። አያችሁ፣ ይሁን ማለት የእሱ ተራ ሆነ።

ሁለተኛ፣ ዳኛ ከተሟጋች ቤት አይቀመጥም፣ መማለጃ በላ ይባላል አለች። የዋርካው ቤት ጥላው ነው። ስለዚህ ፍርድ እስኪሰጥ ማንም ከጥላው እንዳይቀመጥ፣ ይህም በመሐላ ይጽና አለች። ጓንጉል ቀለል አድርጎ አየው። ቆሞ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ንጉሥ ይሙት፣ እስኪፈረድ ድረስ ከዚህ ጥላ የተቀመጠ፣ ጌታም ይሁን ሎሌ፣ አርባ ጅራፍ ይገረፋል» ብሎ ማለ። ያኔ ከዚህ የሚበልጥ መሐላ የለም። ንጉሥ ይሙት ብሎ ምሎ ያፈረሰ ርስቱንም ራሱንም ያጣል።

ሦስተኛ፣ ከሳሽ በአካል ትቅረብ አለች። እዚህ ላይ ጓንጉል ተንተባተበ። አይነቀልም ያለው እሱ ነዋ። አንጓች ግን ባለፈው ዓመት አንድ ድሃ ከችሎት ሳይቀርብ በመቅረቱ ብቻ ክሱ እንደፈረሰበት አስታወሰችው። የፈረደውም ጓንጉል ነው። ሽማግሌዎቹ ጢማቸውን እያሻሹ አዩት። ጓንጉል ከንፈሩን ነክሶ ጽጌረዳይቱን ከነአፈሯ አስቆፈረና አፉ በተሰበረ የጠጅ ጋን ተክሎ ከሜዳው መሃል አስቀመጣት።

ችሎቱ ከሜዳው ላይ ተሰየመ። የሚያዝያን ፀሐይ ታውቋታላችሁ፤ ድንጋይ ታስለቅሳለች። ጓንጉል ለክብሩ ብሎ ለምድ ደርቧል፣ ከላዩም ካባ። ሰኞ ቀኑን ሙሉ ለጽጌረዳይቱ ተሟገተ። ቅጠሏን አመሰገነ፣ ሽታዋን አመሰገነ፣ ከቤተ መንግሥት መምጣቷን ሦስት ጊዜ ተናገረ። ዋርካውን ሻካራ አለው፣ ጎባጣ አለው፣ የወፍ ኩስ ማራገፊያ አለው። እየተናገረ ላቡ ከግንባሩ ወደ ጢሙ፣ ከጢሙ ወደ ለምዱ ይወርዳል። ቀትር ላይ ከጽጌረዳይቱ ጥላ ራሱን ሊያስጠጋ ፈለገ። ጥላዋ ለአንድ ጆሮው ብቻ በቃ።

ማክሰኞ የአንጓች ተራ ነበር። ከአሰጌ ጋር እንደተቋጠረች ተነሳችና ችሎቱን እጅ ነሳች።

«እኔ ጽጌረዳይቱን አልነቅፍም» አለች። «ውብ ናት። ከሳሽ ያደረጋት ሰው ነው እንጂ እሷ ማንንም አልከሰሰችም። ዋርካውንም ውብ ነው አልልም። እኔ የምለው፣ እናንተ ሁሉ ከስሩ ታርቃችሁ፣ ከስሩ ድራችሁ፣ ከስሩ አልቅሳችሁ፣ ዛሬ አበባ የለውም ሲባል ዝም አላችሁ። አፈርኩባችሁ።»

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። የአንዳንዱ ዓይን እንባ አቀረረ። ጓንጉል ግን ለምዱ ውስጥ እየተቀቀለ ነበርና ንግግር ይብቃ፣ ምስክር አቅርቢ አላት። አንጓች ምስክሬ ነገ በቀትር ይደርሳል አለች። ምስክርሽ ማነው ቢላት፣ ከሩቅ አገር ነው የሚመጣው፣ መንገዱ ያደክመዋል አለች። ጓንጉል ንቆ ሳቀ። ቆላ የሚወርድ መንገደኛ በዚያ ወር በቀትር የት እንደሚያርፍ ከልጅነቷ ታውቅ ነበር። እሱ አያውቅም። ሁልጊዜ ቀድሞ ከጥላው የሚቀመጥ ሰው መንገደኛን ልብ ብሎ አያይም።

ረቡዕ ጠዋት ሰዉ ወደ ሜዳው ሲወጣ ጽጌረዳይቱን አየ። ሁለት ቀን ፀሐይ ስትሞቅ ውላ፣ እንቡጧ ፈንድታለች። ቀይ፣ ደም የመሰለ ቀይ። ያቺ ከጥላ ስር እየጠወለገች ዋርካውን ስታስወቅስ የኖረች አበባ ከተሰበረ ጋን ላይ ሆና ታየች። ፍርዱ እዚያው አልቆ ነበር። ጓንጉል ልብ ቢኖረው ለእኔ ጥፋት ዛፉ ለምን ይሞታል ብሎ ምሳሩን ይመልስ ነበር። ትዕቢት ግን ዓይን ያሳውራል። እኔ የተናገርኩት አይመለስም አለ፣ ምሳሩን አሳለና ቀትርን ይጠብቅ ጀመር።

ቀትር ደረሰ። በተራራው ጥግ አቧራ ተነሳ። ማታ ሊደርስ የነበረው ንጉሥ ፀሐዩ ቢያቃጥለው ጥላ ፍለጋ በቅሎውን እያስገሰገሰ መጣ። በቅሎዋም ከሩቅ ዋርካውን አየች። ሜዳውን አላየች፣ ጓንጉልን አላየች፣ አበባዋንም አላየች። ቀጥ ብላ ከዋርካው ስር ገባች። ንጉሡ ወረደና ከግንዱ ላይ ጀርባውን አስደግፎ ተቀመጠ። ውሃ ጠጣና ተነፈሰ። ዓይኑን ቢያቀና አገር በሙሉ ከፀሐይ ላይ ተቀምጧል።

«ጥላ እያለ ፀሐይ የሚሞቀው ይህ ምን ዓይነት ሕዝብ ነው?» አለ።

አንጓች አሰጌን በነጠላዋ እየጎተተች ቀረበችና መሬት ሳመች። ክሱን፣ ሦስቱን ቀጠሮ፣ ምሳሩን፣ ሁሉንም ተናገረች። ከዚያ ጃንሆይ ምስክሬ እርስዎ ነዎት አለችው።

«ምን መሰከርኩ?» አለ ንጉሡ።

«አበባይቱን አዩ?»

«አየሁ። ታምራለች።»

«ታዲያ ለምን ከእሷ ስር አላረፉም?»

ንጉሡ ሳቀ። ሎሌዎቹ ሳቁ። ጓንጉልም ሊስቅ አፉን ከፈተ። ያኔ አንጓች ወደ እሱ ዞረች።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ቀርቷል። ከዚህ ጥላ የተቀመጠ፣ ጌታም ይሁን ሎሌ፣ አርባ ጅራፍ ብለው ንጉሥ ይሙት ብለዋል። ፍርዱ ገና አልተሰጠም። እንዴት ይሁን?»

ሳቁ ቆመ። ንጉሡን አይገርፍ ነገር፣ ንጉሥ ነው። መሐላውን አያፈርስ ነገር፣ ራሱን ያጣል። ከሁለቱ የሚያስመልጠው እዚያው ፍርድ መስጠት ብቻ ነበር። ፍርዱ ደግሞ ለየትኛው ይሆናል? ከንጉሡ ራስ በላይ ያለ ዛፍ ይቆረጥ የሚል ማን ነው? ጓንጉል ሻካራ፣ ጎባጣ ያለውን ዛፍ ቀና ብሎ አየው።

«ለዋርካው ፈርጃለሁ» አለ። ድምፁ ለራሱም አልተሰማም።

ሽማግሌዎቹ አልሰማንም አሉት። ደገመው። አሁንም አልሰማንም አሉት። ሦስተኛ ጊዜ ጮኾ ተናገረው፣ ተራራው አስተጋባ። ከዚያ የአንጓችን ነጠላ ከአሰጌ ጋቢ በገዛ እጁ ፈታ።

ንጉሡ ግን አልረካም። ፊቱ ጠቆረ።

«እኔ አበባ ሰጠሁህ እንጂ ምሳር አልሰጠሁህም» አለው። «በእኔ ስም ድሃን ከጥላ አባረርክ። አሁን የእኔን ፍርድ ስማ። ጽጌረዳይቱ ከሜዳው ትተከል። ወንበርህም ከአጠገቧ ይሁን። ለበቅሎህ የሚበቃ ጥላ እስክታወጣ ድረስ ከዚያ ወንበር ላይ ብቻ ትዳኛለህ። እስከዚያው ከዋርካው ስር ሽማግሌዎች ይዳኙ። ሙግት ያለበት ሰው ከሁለቱ ወደ ወደደው ይሂድ።»

ሰዉ ወዴት የሄደ ይመስላችኋል?

ጽጌረዳይቱ ከሜዳው ተተከለች። በየዓመቱ አበበች፤ ውሃ የምታጠጣት አንጓች ናት። በሬዎቹ ከጥላው ተመለሱ፣ ነፍሰ ጡሮቹም እንስራቸውን አወረዱ። ጓንጉል በየቀኑ ለምዱን ደርቦ ከአበባዋ አጠገብ ተቀመጠ። ባለጉዳይ አልመጣለትም። በየጠዋቱ በቅሎውን ከአበባዋ አጠገብ ያቆምና ጥላዋን ይለካ ነበር። የጽጌረዳ ጥላ ከበቅሎ ሰኮና አያልፍም። ባላምባራስ ብሎ የሚጠራውም ሰው ቀስ በቀስ ጠፋ። አንድ ቀን በቀትር አንጓች ውሃ ይዛለት ሄደች ይባላል። ቀና ብሎ አያትና ከጥላው መግባት ይፈቀድልኝ ይሆን ብሎ ጠየቃት። እሷም፣ ዋርካው ማንንም ከልክሎ አያውቅም፣ የከለከሉት እርስዎ ነዎት አለችው።

ከዚያ ወዲህ ነው የጎሽ ሜዳ ሰው እንዲህ የሚለው፦ አበባ ለዓይን፣ ዋርካ ለክፉ ቀን።

ተረቴን ከጥላው አኑሩልኝ፣ ለእኔ ግን ውሃ ስጡኝ፤ በንዴት ጉሮሮዬ ደርቋል።